ቀጥ ያለ ኩርባ

እኛ ዘንድ ዳገት የለም፤ አያቶቻችን ከባሕር የነጠቁት
መሬት ነው፣ በቦይ በቦይ የሰነጠቁት።
እስከ ሰማይ ጥግ ጥቅል ጎመን። ከፍ ያለ ነገር ቢፈለግ
የደብሩ ማማ ነው፤ እሱም አርጅቶ ዘሟል።

በአርባ ስድስት ዓመቴ፣ በኅዳር፣ ደወል መደወል ልማር ገባሁ።
አራተኛው ደወል፣ ስምንት ኩንታል፤
ገመዱ አንስቶኝ ጣሪያ ልነካ ምንም አልቀረኝ።
መዳፌ ተላጠ። እኒድ ተርክል ሳቀች።
ቄሱ ግን ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣
«አይዞህ ጋቪን፣ የዚህ ነገር የመማር ኩርባው
ቀጥ ያለ ነው» አሉኝ።

ኩርባ ከሆነ እንዴት ቀጥ አለ? ቀጥ ካለስ ማን ኩርባ አለው?
ይህን እያሰላሰልኩ ጎመን ጭኜ ስፓልዲንግ ደረስኩ።
ሚዛን ቤት ያሉትን ጠየቅኋቸው፤
«ዳገት ነው ማለት ነው፤ ከባድ ነው ማለት» አሉ፣
ዳገት አይተው የማያውቁ ሰዎች።

እኒድ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማረች ናት፤ አላስቻላትም።
የጎመን ደረሰኜን ገልብጣ ከጀርባው ሁለት መሥመር አሰመረች፤
የተጋደመው ቀን፣ የቆመው እውቀት።
«ቀጥ ብሎ የወጣ መሥመር በሦስት ቀን የገባው ሰው ነው።
ቄሱ ሳያውቁት መርቀውሃል። ያንተን ልሳለው?»
እርሳሷ ተጋደመች። ተጋደመች።
ከወረቀቱ ጠርዝ ወጥታ ጠረጴዛው ላይ ቀጠለች።

አወቅሁት፤ ያገሬ መልክ ነው።
ልጅ ሳለሁ ከእርሻው ወደ ደብሩ በእግር ስንሄድ
ማማው ከማለዳ ጀምሮ ይታያል፣ ይታያል፣ አይቀርብም።
ዳገት ቢሆን እኮ ላብህ ይመሰክርልሃል፤
ዞር ስትል ቤትህ ከታች አንሶ ይታይሃል።
ሜዳ ምስክር የለውም። የሄድከውም ያልሄድከውም
ያው ጎመን ነው።

ሰው ሁሉ ግን «ዳገት» ይላል፤ እኔም እላለሁ።
ብዙ እጅ የሳበውን ገመድ ማን ይመልሰዋል?
እኒድ ብቻ በተባለ ቁጥር ጥርሷን ትነክሳለች።

የካቲት ላይ፣ ሐሙስ ማታ፣ እጄ ሳልነግረው ላላ።
ደወሉ ከበላዬ ተገለበጠ፣ ቆመ፣ ያሰበ መሰለ፣
ከዚያ በተራው ተናገረ።
እኒድ ምንም አላለችም። እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ አወረደች፣
ጠረጴዛው ላይ የቀረውን መሥመር ጎንበስ ብላ ፈለገች፣
የስንዴ ቅንጣት ታህል ቀና አደረገችው።