የዝናቡ ወር አጥሚት

አላፑዛ ዘንቧል፤ ቦዩ ጢም ብሏል፤
ጀልባዬ ከዘንባባው ግንድ ታስሮ ተኝቷል።
ሳራሳማ ግን አልተኛችም፤
ጣቶቿ ሌሊቱን አላስተኟትም።

የኮኮናት ቃጫ ሲፈትሉ የኖሩ፣
መርከብ የሚያስቆም ገመድ የሠሩ፣
እኒያ ጣቶች ዛሬ፣ ጎህ ሲቀድ ማለዳ፣
አንድ ቁልፍ መቆለፍ ሆነባቸው ዕዳ።

ሐኪሟ ወረቀት ላይ «ብግነት» ብላ ጻፈች፤
በየሳምንቱ አንድ ቀን ክኒን አዘዘች።
መድኃኒተኛው ኬሉ የእጇን ምት አዳምጦ
«እሳት ነው» አለኝ፣ «ከምድጃው አምልጦ
ከአንጓ ወደ አንጓ የሚዞር እሳት፤
በባልዲ ሳይሆን የሚጠፋ በትዕግሥት።
ክኒኗን ግን አታስጥላት። ቤት ሲቃጠል ማን ነው
‹የኔ ውሃ ብቻ ይበቃል› የሚለው?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ሕግ ሆነ፤
ያደረ ዓሣ ታገደ፣ ሁመር ተኮነነ፤
እርጎ በማታ፣ ወንጀል!
ማንጎ አቻርማ ስሙ አይነሣ ተባል።

እኔ ሠላሳ ዓመት መንገደኛ ሳሻግር
ጨው የት እንደሚቀመጥ የማላውቅ ነበር።
አሁን በዶፉ ወር፣ በካርኪዳካም ሰማይ፣
ቀይ ሩዝ እለቅማለሁ በሰፌድ ላይ።
አብሹን ዘፍዝፌ «አብሽሪ» ስላት
«አጥሚቱ አረረ እኮ!» ብላ ሳቅ ያዛት።
ዝንጅብል እወቅጣለሁ፤ የኮኮናት ወተት
በመጨረሻ ነው የምጨምርበት።
ዶሮ እንኳ አርጄ አላውቅ፣ ደም ካየሁ ይከዳኛል ጉልበቴ፤
ይኸው ጠብታ ሳይፈስ፣ በየቀኑ እርድ ነው ቤቴ።
መዳፌ ቢጫ ነው፤ ጥፍሬም፣ ሸሚዜም፤
የመቅዘፊያዬ እጀታ እንኳ አልቀረም።

ማታ የወንዙን አሸዋ በብረት ድስት አሙቄ፣
በአሮጌ ሻሽ ቋጥሬ፣ አጥብቄ፣
ጉልበቷ ላይ፣ አንጓዋ ላይ አሳርፋለሁ፤
ስታቃስት አነሳለሁ፣
ዝም ስትል እመልሳለሁ።

በአሥራ አንደኛው ሌሊት ኮሽታ ሰማሁ፤
ኩራዝ ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁ።
ሳራሳማ! እርጎ በሌሊት፣ ከማንጎ አቻር ጋር፤
ከንፈሯ ላይ ነጭ ጺም፣ ዓይኗ ላይ ነውር።

ልቆጣ አፌን ከፈትሁ፤ ከፍቼው ቀረሁ።
ያ የአቻር ብልቃጥ፣ ክዳኑ ጥብቅ፣
ያለ እኔ ክንድ ዓመት ሙሉ የማይወልቅ፣
ተከፍቷል። ክዳኑ ወለሉ ላይ ይሽከረከራል።
እሷ ታየዋለች፣ እኔም አየዋለሁ፤ ውጭ ዝናብ ያወራል።

ክኒኑ ይሆን? አሸዋው? ያረረው አጥሚት?
ወይስ የአምሮት ጉልበት?
ሐኪሟም ብትጠየቅ፣ ኬሉም ቢጠየቅ
«እኔ ነኝ» ይሉ ይሆናል፤ እኔም አልልም «አላውቅ»።

በማግሥቱ ጠዋት አንጓዋ አብጦ ዋለ።
«የእርጎው ሒሳብ ነው» አለች፤
ማንም ሌላ ቃል አልጨመረ።

አቻሩን ለጎረቤት ለፓቺ ሰጥቼ
ብልቃጡን በእርድ ሞላሁት አጥቤ፣ አድርቄ።
ክዳኑን እዘጋለሁ ማታ፣ ብዙም ሳላጠብቅ።
አንዳንድ ማለዳ ሳራሳማ፣ ሳልጠይቅ፣
ከፍታ ታቀብለኛለች።
አንዳንድ ማለዳ እንደተዘጋ ትሰጠኛለች፤
ምንም አትልም።
እከፍተዋለሁ፤
እኔም ምንም አልልም።