የባለቤት ፊርማ

ጣፊያን የማውቀው በቅርጫ ነበር፤
መደቡ ሲደለደል ከጉበቱ ጎን የሚጣል፣
ማንም የማይጣላበት ጥቁር ቀይ ምላስ።
በውሻ ሆድ ውስጥም እንዳለ
ሳልሚያ ላይ ነው የተማርኩት፣ በነሐሴ፣
ግድግዳው ራሱ በሚያልበው ሰሞን።

ሺሃብ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።
ጺሙ ሸብቷል፤ ደረጃውን ቆጥሮ ይተዋል።
ጠዋት በሩ ላይ ተዘረጋ።
«አርጅቷል» አሉ ልጆቹ።
«ሙቀቱ ነው» አለ ሾፌሩ፤ ውሃ አፈሰስንበት።
ቀትር ላይ ተነሣ!
ጅራቱን ቆላ፣ ከእጄ ዳቦ ወሰደ፣
ተሻለው ብለን ሳቅን።
ያንን ሳቅ መልሼ ብውጠው እወዳለሁ።

ማታ ከንፈሩን ገለጥኩ፤
ድዱ የታጠበ ሩዝ መስሏል።
ሆዱ ተወጥሯል፣ ልቡ ከእጄ ሥር ይሮጣል፣
ውጪ ግን አንዲት ጠብታ የለም፤
ምንጣፉ ንጹሕ፣ አፉ ንጹሕ፣
የፈሰሰው ሁሉ
በገዛ ቤቱ ውስጥ ፈሰሰ።

ዶክተር ጃያንቲ መርፌ ሰደደች፤
ሲሪንጁ ቀላ። ጠበቀችው፤ አልረጋም።
በስብርባሪ ዓረብኛዋ፣ ለስብርባሪ ዓረብኛዬ፦
«ጣፊያው ላይ እብጠት አለ።
ይፈነዳል፣ ይደማል፣ ደሙ ይቆማል፤
ሰውነቱ የደማውን መልሶ ይጠጣል፣
ይነሣል፣ ዳቦ ይበላል።
ከዚያ እንደገና ይፈነዳል።»
ዳቦውን ማን ነገራት?

«ይወጣል?»
«ይወጣል። ያለ ጣፊያ ይኖራል።
ከሦስት ውሻ የሁለቱ ግን ክፉ ነው፤
ቢወጣም ዘሩን በትኖ ነው።»

ወረቀት ገፋችልኝ፤ የባለቤት ፊርማ ይላል።
እመቤቴ ሎንዶን ናት። ስልኳ ይጠራል፣ ይጠራል።
ፓስፖርቴ በእሷ መሳቢያ፣
ኢቃማዬ በእሷ ባል ስም፣
ወረቀት በሚያውቀው ዓለም
እኔም ራሴ የሰው ነኝ።
ሺሃብ ቀና ብሎ አየኝ፤
እሱ ወረቀት አያውቅም።

ዘምዘም ይመር ብዬ ፈረምኩ፣
በአማርኛ፣
ማንም አንብቦ እንዳይሰርዘው።

ሲነጋ በሳህን አሳየችኝ፤
ሁለት ጡጫዬን ያክላል።
ማንም የማይጣላበት ብዬ ነበር።

ውጤቱ ገና አሥር ቀን አለው።
እመቤቴ ደወለች፤ «ማን ፈቀደልሽ?»
ስልኩን በትከሻዬ ይዤ
ከንፈሩን ገለጥ አደረግሁ።
ሮዝ ነው።
«ሃሎ? ሃሎ?» ትላለች።
ሮዝ ነው፣ እመቤቴ።