ጠመኔ ይቀመጥበት የነበረ ክፍል

ክፍሉ የጠመኔ መጋዘን ነበረ፤
ሁለት ወንበር ገባ፣ ስሙ ተቀየረ።
«ጂኦግራፊው ይቀነስልሻል» አለኝ ዳይሬክተሩ፣
«የምክር ቢሮውን ያዢ፤ ያውልሽ በሩ።»

ያዝኩት።
ቅዳሜና እሑድ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣
የእቁቤን ዕጣ ለሴሚስተሩ ከፈልሁ።
አማቴ ሰምታ ከአለታ ወንዶ ደወለች፤
«ምክርም በክፍያ ሆነ ወይ?» አለች።
«እኛ ሰፈር እኮ ማንም ይመክራል፤
ፀጉር አስተካካዩ ይመክራል፣
ባጃጅ ነጂው መብራት ላይ ዞሮ ይመክራል፣
ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሁሉ ይመክራል።
ለዚህ ሁለት ዓመት?»
መልስ አጣሁላት።

የመጀመሪያው ቀን ዶክተር ላንቃሞ ገባ፤
ሰላም ሳይለን ሰሌዳው ላይ ጻፈ፦
መምከር።
መማከር።
«ልዩነቱ አንድ ፊደል ነው» አለ፤
«ያቺን ‹ም› ‹ማ› ለማድረግ ነው የምትከፍሉት።
‹ማ› ጠያቂ ናት፤ ‹ማ ነሽ?› ትላለች።
‹ም› ግን ከንፈሯን ገጥማ ፈርዳ ጨርሳለች።»

ከጎኔ ከሻሸመኔ የሚመላለስ ኢንስፔክተር ዱካሌ አለ፤
«መጠየቅ እንጀራዬ ነው» እያለ ይስቃል።
በልምምዱ ሰዓት እኔን ሲያማክረኝ
ያልሠራሁትን ወንጀል ልናዘዝ ጥቂት ቀረኝ።

«‹አይዞሽ›ን ተጠንቀቁ» ይላል ዶክተሩ ደጋግሞ፤
«በጎ ቃል ናት፣ ግን በር ትዘጋለች።
ሰውየው ሊያወጣው የነበረው ከውስጥ ይቀራል፣
እናንተ ግን ደግ ሰው ሆናችሁ ትወጣላችሁ።»

ካያሜ ማክሰኞ መጣች፤ የአሥራ አንደኛ «ሐ» ልጅ፤
ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ አጣምራ እጅ በእጅ።
አልተናገረችም።
የግድግዳው ሰዓት ቆሟል፤ በስልኬ ቆጠርኩ፤
አሥር ደቂቃ። ሃያ። ምላሴን ነከስኩ።
«አይዞሽ» ጉሮሮዬ ድረስ መጣች፣ ዋጥኳት፤
«ውጤትሽ ለምን ወረደ?» መጣች፣ እሷንም መለስኳት።
ከዚያ ራሴን ፈራሁ፦
አሞራ ገደል፣ ከሐይቁ ዳር፣ አባ ኮዳ እንደሚቆመው፣
ዓሣው ሲቀደድ የሆድ ዕቃውን ሊለቅመው፣
ይኼ ዝምታዬስ የማን ነው?
የሚያዳምጥ ሰው
ወይስ የሚርበው?

በሠላሳ ስምንተኛው ደቂቃ ከንፈሯ ተላቀቀ።
«ሌሊት ፓርኩ ነው የምሠራው» አለች፣ ድምጿ ደቀቀ።
«በእህቴ መታወቂያ ነው። እጅጌ እሰፋለሁ፣
የግራውን ብቻ።
ሙሉ ሸሚዙን እስከዛሬ አላየሁ።»

ተደወለ።
ቀሚሷ ላይ የድሮ ጠመኔ ብናኝ ይዛ ሄደች።

«እና፣ ምን መከርሻት?» አለኝ ዳይሬክተሩ።
«ምንም።»
«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው»
ብሎ ተረተብኝ።
መከራማ ቀድሞን ገብቷል፣ ከእኛ በፊት መክሯታል
ልለው ነበር፤
ሻይዬን ጠጣሁ።

የዚያን ቀን ማታ፣ አቶቴ፣ ቤቴ፣
የመመረቂያ ጽሑፌን ምዕራፍ ሁለት ዘርግቼ
መብራት ሄደ። በስልኬ ብርሃን ቀጠልሁ፤
«በቤተሰብ ውስጥ ያለ የመደማመጥ ክፍተት»
የሚለው ላይ አሰመርሁ።
ልጄ ኢዮስያስ በሩ ላይ ቆሟል፤
ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ።
አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ሱሪው አጥሮበታል፤
በየትኛው ሴሚስተር እንደረዘመ አላየሁም።
«እማ» አለኝ
(ያቺው ፊደል)፣
«እኔም ቀጠሮ መያዝ እችላለሁ?»

ቀልዱን ይሁን የምሩን አልለየሁም።
አልሳቅኩም። አይዞህ አላልኩም።
ወረቀቱን አጠፍኩ፣ ወንበር ሳብኩለት፤
የጎረቤት ጄኔሬተር አጓራ፣ ቆየ፣ ዝም አለ።
ስልኬን በግንባሩ ደፋሁት፤
ብርሃኑም ሰዓቱም
ከሥሩ ቀረ።