የእንስላል ጎረቤት

ዶሮ የሚሉት ወንዝ አለ፣ ላባም ክንፍም የሌለው፣
ፖርቱጋልን አቋርጦ ሲሄድ ውቅያኖስ የሚውጠው።
ከዳገቱ ላይ፣ ከግራጫ ድንጋይ ግንብ ሥር
ዴኦሊንዳ ጎንበስ ብላ ታወራለች ከአፈር።

መደቧን ያየ መንገደኛ «ገበያ ነው» ይላል፤
ሰላጣው ከረጅም ጎመን ሥር ጥላ ተከራይቷል፤
ነጭ ሽንኩርት በየመሃሉ እንደ ዘበኛ ቆሟል፣
ሽታው ብቻ ይበቃዋል፣ ዱላ መች ይዞ ያውቃል!
ስፒናቹ ከባቄላ ተዳብሎ ይኖራል፣
ፍጅሉማ እንግዳ ነው፣ በወሩ ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል።

ከግንቡ ማዶ አማንዲዮ፣ ጡረታ የወጣ ቀያሽ፣
ሰላጣ በገመድ የሚተክል፣ የጠመመ ቅጠል ወቃሽ።
አንድ መደብ፣ አንድ ዘር፤
አንድ ወንበር፣ አንድ ሰው፤
አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ፤
ቤቱም ጓሮውም ያው ነው።

በሚያዝያ ተባይ መጣ።
ቀንድ አውጣው በሌሊት፣ ክሽክሹ በቀን፣
ፈር ሳይዘል፣ ተራ ሳይስት፣
ቀያሹ ባሰመረው መስመር እየሄደ በላለት።

ዴኦሊንዳ በግንቡ ላይ አንገቷን አስግጋ፣
«መንገዱን ጠርገህ ሰጥተኸው!» አለችው ስቃ።
«ከዳር አበባ ዝራ፣ ያንን ብርቱካን የሚመስለውን፤
ክሽክሽ እሱን ካገኘ ይረሳል ሰላጣውን።»
«ጠላቴን ላብላ?»
«መምጣቱ ካልቀረ፣ ሳህኑን ከደጅ አስቀምጥለት።»
በሩን ዘጋው። በቀስታ፣ በልክ፣ ሳያንኳኳው፣
እንደ ቀያሽ።

እሷም ብትሆን ሁሉን አታውቅ።
አምና እንስላል ዘርታ ነበር፣ ከድንብላሉ አጠገብ።
እሱ ጸጉሩን አንዠርግጎ፣ እየሸተተ ሲያምር
ድንብላሉ ቀጨጨ፣ ባቄላው አልወጣ ከአፈር።
«ክፉ እንኳ አይደለም» አለች፣ እየነቀለች፣
«ከሰው ጋር ማደር አያውቅም፣ እንዲያው ነው።»
ዘሩን ለቅማ በወይራ ዘይት ቆርቆሮ ውስጥ፣
ዘንድሮ ለብቻው ዘራችው፤
ቆርቆሮውን ግንቡ ላይ አኖረችው፣
የእሷም ባልሆነ፣ የእሱም ባልሆነ ድንጋይ።

በሐምሌ ቢጫ ጃንጥላውን ዘረጋ።
ንብ የሚመስሉ፣ ግን ንብ ያልሆኑ ዝንቦች
ከዚያ ጠጥተው፣ ግማሾቹ ወደ እሷ፣ ግማሾቹ ወደ እሱ ወረዱ፤
እንቁላላቸውን ከክሽክሹ መሃል ጥለው ሄዱ፤
የተፈለፈሉት ርቧቸው ነበር።
ድንበሩን ማንም አልጠየቃቸው።

በነሐሴ እህቷ ታማ ብራጋ አሥራ አንድ ቀን ቆየች።
ስትመለስ ሻንጣዋን እንኳ ሳታስገባ ወደ ጓሮ ዞረች፤
ደርቆ ይጠብቀኛል ብላ።

የቆርቆሮው አፈር እርጥብ ነው።
ከባሕር የሚነሣው ነፋስ እንዳይጥለው
ከግንቡ ጋር አንድ ሰው አስሮታል፣
በቀያሽ ገመድ፣
ቋጠሮው ቀጥ ብሎ፣ በልኩ።