ግማሽ ሳሙና

ቅዳሜ ረፋዱን፣ ደንበጫ ገበያ፣
ደረቴ ላይ ባጅ፣ እጄ ላይ መጠየቂያ፣
ሥራ ባጣ ዲግሪ በቀን አበል ገብቼ፣
የአንድ ሳሙና ፋብሪካ ጥያቄ አንግቼ፣
ከሙጭት መደብ ፊት ቆምኩኝ ጥላ አጥቼ።

አርባ አንድ ጥያቄ፣ አራት አራት ሳጥን።
«በወር ስንት ይገዛሉ? በምን ያህል መጠን?
የትኛው ሽታ ይሻላል፣ ሎሚ ነው ወይስ አደስ?
ቀለሙን ይመዝኑት፣ ካንድ እስከ አምስት ድረስ።»

ሙጭት ሳቅ አለችና፣ ክሯን ወጠረችና፣
ጫፉን በጥርሷ ነክሳ፣ ቁልቁል ሳበችና፣
ለሁለት ገመሰችው አንዱን ደረቅ ሳሙና።

«ጻፍ በል» አለች። «ያቺ ባለ ቀይ ጥለት
ታሸታለች እንጂ ገዝታኝም አታውቅ፤
ያ ሚሊሻ ደግሞ ያነሳል ዝም ብሎ፣ ዋጋውን ሳይጠይቅ።
ዱቤኛ ነዋ! ዱቤኛ መች ዋጋ ይጠይቃል?
ተማሪው ከሳሙናው መጠቅለያውን ይወዳል፣
ደብተር ይለብድበታል።»

ጻፍኩ። ሳጥን አጣሁለት።
«ሌላ ካለ ይገለጽ» የምትል መስመር አለች፣
«ዱቤኛ» ብዬ ብጽፍባት ሞላች።

አንጓች መጣች ያኔ። እንቁላል ሸጣ ነው፤
ጭዱ ከቅርጫቷ ገና አልረገፈም።
የነጠላዋን ጫፍ፣ ያቺን ሽምብራ የምታህል ቋጠሮ
በጥርሷም በጥፍሯም ፈታች፤
አራት ጊዜ የታጠፈ ብር አወጣች፣
ግማሿን ሳሙና አነሳች።

«ሙሉውን ለምን አልገዙም?» አልኳት፤ ጥያቄ አሥራ ስድስት።
«ዋጋው ነው? ጥራቱ? መጠኑ? ወይስ ሽታው?»
ወደ ሙጭት ዞረች፣ «ምን ይላል ይኼ ሰው?»
ደግሞ ራርታልኝ መሰለኝ፣ ድምጿን ዝቅ አደረገችው፦

«ሙሉ ሳሙና ሲገባ ከየት መጣ ይባላል፤
በሂሳብ ይገባል፣ በሂሳብ ያልቃል።
ግማሽ ግን ግማሽ ነው፤ ማንም አይቆጥረውም።
ጠጉሬን ብታጠብበት፣ የልጄን ዩኒፎርም፣
ማንንም አላስፈቅድም።»

ለካ ሳሙና ብቻ አልነበረም የሚገምሰው ያ ክር፤
ባንድ ጣራ ሥር ባሉ ሁለት ኪሶች መካከል
ድንበር ያሰምር ነበር።

ይህን የት ልክተተው?
«መጠኑ» የሚለው ላይ የራይት ምልክት አደረግሁ፤
ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር፣ አበሌንም ፈለግሁ።

ሪፖርቱ ባሕር ዳር ደረሰ፣ እንደ ድፎ ዳቦ
በየቀለሙ የተቆረሰ ክብ ተሥሎበት፦
«ሠላሳ ስምንት ከመቶው አነስ ያለ ይፈልጋል።»
አንጓች እዚያ ውስጥ ናት፣ በቢጫው ቁራሽ በኩል፤
ስሟ ቀርቶ፣ ቋጠሮዋ ቀርቶ፣
የመቶኛ ፍርፋሪ ሆና።

በዓመቱ አዲሱ መጣ፤ ትንሽ፣ ድንቡሽቡሽ ያለ፣
በሚያብለጨልጭ ወረቀት የተጠቀለለ።
ዋጋው የግማሹና የወረቀቱ ድምር፤
ከአንጓች ቋጠሮ ይረዝማል በአምስት ብር።
ሽታውም ከአጥር ማዶ ይጣራል፤
ባል ገና በሩ ላይ ሆኖ «ማን ገዛው?» ይላል።

ዘንድሮም ተላክሁ። አጭር ቅጽ ነው፣ ጥያቄ አንድ፦
«አዲሱን ለምን አልገዙም?»
ሙጭት ክሯን በጥርሷ እንደነከሰች
ገፋ ብላ ከጥላዋ ቦታ ለቀቀችልኝ።
«ቁጭ በል» አለች፣ «ጥያቄህ ይቆይ፤
እስኪ እስከ ማታ ሽጥልኝ።»

ቅጹን ከመደቡ ሥር ሸጎጥኩት። ክሩን ወጠርኩት።
የመጀመሪያውን ሳሙና አንሻፍፌ ቆረጥኩት፤
ያንደኛው ጎን በለጠ።
አንዲት ሴት መጣች፣ ሁለቱንም በመዳፏ መዘነች፣
ትልቁን መርጣ አነሳች።
ዋጋ አልጠየቀችኝም።

«ሙጭት፣» አልኩ፣ «የዱቤው ደብተር የታል?»