እውነተኛው የመጨረሻ

ላፕቶፔ ሞላ። ቀይ መስመር አወጣ፤
እንደ ባለዕዳ ደጄ ላይ ቆሞ «ቦታ አምጣ! ቦታ አምጣ!»
ዐሥራ ሦስት ዓመት የሰው ሠርግ ቀርጬ፣
ካዳራሽ አዳራሽ መብራት ተሸክሜ እኔው ተሯሩጬ፣
አንዱን ድግስ አምስት ቦታ አኑሬያለሁ፣
ስሙን እየቀየርኩ ራሴን ሸውጃለሁ።
«የመጨረሻ» ይላል። «የመጨረሻ ሁለት»።
«እውነተኛው የመጨረሻ»። «ይህቺን እንዳትነካት»።
ደግሞ ከሁሉ ሥር፣ በእንቅልፍ ልቤ የጻፍኩት፣
«የእውነተኛው ግልባጭ»፤ ከየት እንደገለበጥኩት
እኔም አላውቅ።

ቂርያት ጋት ሐምሌ ነው፤ ቅጠል አይላወስ፤
የላፕቶፑ ማራገቢያ እንደ አስም በሽተኛ ይተነፍስ።
ጎረቤቴ ያየህ ከከተማው ዳር ቺፕ ፋብሪካ ይውላል፣
ነጭ ለብሶ፣ ተሸፋፍኖ፣ ዓይኑ ብቻ ይታያል።
«ፕሮግራም አውርድ» አለኝ፣ «መንታ መንታውን ይልቀመው፤
አንዴ ጠቅ ታደርግና የቀረውን ጥረገው።»

ጣቴን አነሳሁ። ስልክ ጮኸ።
ወይዘሮ ጥሩዓለም ናት፣
የሺራን እናት።
«ልጄ እንደሆን ፈታች፤ አልቅሼም ወጣልኝ፤
ሙሽራውን ጣለው፤ ያን ሰው ብቻ ስጠኝ፤
ካዳራሹ በር ላይ ቆሞ የመረቀውን፣
ባሌን።
መልኩስ ግድግዳ ላይ አለ፤ ድምፁ ነው የጠፋኝ።»

«የመጨረሻ»ን ከፈትኩ፤ የለም። ሁለትም ውስጥ የለም።
የቆረጥኩት እኔው ነኝ፤ ለምቱ ስል፣ ለቀለም፤
«ሽማግሌው አረዘሙት» ብዬ ምርቃቱን አሳጥሬ፣
ከመኪናው በቀጥታ ከኬኩ ጋር አስሬ።

ፕሮግራሙ ግን ይምላል፦ አምስቱም አንድ ናቸው፣
አንድ ነው ቀናቸው።
ሳቄ መጣ። እኛም ስንገባ፣ ሦስት ወንድማማች፣
ጸሐፊው አንድ ልደት ሰጥቶን ነበር፤ ባንድ መስመር ላይ አሰላላች።
እስክሪብቶው ነበረች ያሰለፈችን። እናታችን ስትሰማ
«ምጡስ የማን ነበር?» ብላ ጠየቀች፣ ማንም ሳይሰማ።

ላጠፋ አልደፈርኩም። መጀመሪያ ሁሉን ማውጣት፣
ከዚያ አንድ በአንድ ማየት፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ።
የኢሊያ ሱቅ ሄድኩ።
«ይሄ የሚሽከረከረው ርካሽ ነው፣ አራት ቴራ፣
ግን ሌሊቱን ይፈጫል፣ እንደ ወፍጮ፤ መውደቅም ይፈራ።
ይሄኛው የክብሪት ቀፎ ያህላል፤ ውስጡ የሚዞር የለም፤
ከእጅህ ቢወድቅ እንኳ ልብህ አይደነግጥም።»
ሁለት ሺህ ሜጋ በሰከንድ የሚሮጠውን ሳይ
ላፕቶፔን ገልብጦ ቀዳዳውን አየ፦
«በርህ ጠባብ ነው፤ በዚህ ከሺው በላይ አያልፍም፤
ላትጋልበው ፈረስ አትክፈል።»
መካከለኛውን ገዛሁ፤ ስድስት መቶ ሸቀል።
«ኬብሉንም ከሳጥኑ አትለየው፤ የስልክ ገመድ
እንዳትሰካበት፤ ያኔ እንደ ኤሊ ነው የሚሄድ።»

ሻይ ሳልጨርስ ዐሥራ ሦስት ዓመት ተሻገረ።
ሌሊት አምስቱን ጎን ለጎን ከፈትኩ።
«የእውነተኛው ግልባጭ» ዐሥራ አንድ ሰከንድ ይበልጣል።
አቶ ምናሴ ከረባቱን ያቃናል፣
አፉን ይከፍታል፤ ከበሮው ይውጠዋል፤
ምርቃቱ አይሰማም።
ከበሮው ጋብ ሲል ወደ ሌንሱ ዘንበል ብሎ
«አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር ይቀዳል እንዴ?» ይላል።
በቃ። ይሄው ነው።

አፍሬ ወሰድኩላት። «ምርቃቱ ጠፍቷል» አልኳት።
ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። በአራተኛው መለሰችለት፦
«ይቀዳል፣ አንተ ሰው፣ ይቀዳል!»

ያየህ ሲሰማ ሳቀብኝ፦ «ድግግሞሽ ልታጠፋ
ድግግሞሽ ገዝተህ ገባህ?»
አዎ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል።
ሦስቱን ሠርጎች አጠፋሁ። አንዱን ለሺራን ተውኩ፤
ዛሬ «ጣል» ትላለች፤ ነገ ምን እንደምትል ማን ያውቃል።
ያችን ቁራጭ ለብቻ አወጣሁ፤ አንዷ ዲስኩ ላይ፣
አንዷ ወይዘሮ ጥሩዓለም ቤት፣ ኮምፒዩተር በሌለበት፣
መሳቢያ ውስጥ፣ ከፓስፖርቷ ሥር።
ስም ልሰጣት ብዬ ብዙ ቆየሁ፤
«የመጨረሻ» ማለት ፈራሁ።