በማርሽ የተለካ መንገድ

ከአውቶ ፓርኮ በታች፣ ከጎሚስታው ደጃፍ፣
የሲሚንቶ ከረጢት ቀድጄ፣ መንገድ ስጽፍ፣
ሦስተኛ ሳምንቴ ነው።

እርሳሱን እኔ ይዤ፣ ጋሽ ቢምረው ዐይኑን ጨፍኖ፣
ቀኝ እጁ ከሌለ ማርሽ፣ ግራ እግሩ ከሌለ ፍሪሲዮን ላይ ሆኖ፣
"ከወለቃ መውጫ እስከ ኮሶዬ አፋፍ፣
ሁለተኛ ማርሽ ነው" ይለኛል፤ "ሁለተኛ ጻፍ።
ሦስተኛ ብትሞክር ታቃስታለች እንጂ አትወጣም፣
ጭነት የያዘ ሰው ዳገት ላይ አይኩራራም።"

እኔ ማርሽ የለኝም።
ፎኒክስ ናት ብስክሌቴ፤ አንድ ጥርስ፣ አንድ ካቴና፣
ከአጎቴ የወረስኳት፣ ፍሬኗ በሽቦ የተቃና።
ስለዚህ የነጂውን ቋንቋ ወደ እግር እተረጉማለሁ፦
የእሱ ሁለተኛ ለእኔ፣ ወርዶ በእጅ መግፋት፣
ሦስተኛው፣ ከኮርቻ ተነሥቶ፣ ጥርስ ነክሶ መትጋት፣
አራተኛ ሲል ብቻ፣ ያውም ወገራ ሜዳ ላይ፣
ቁጭ ብሎ መንዳት ነው፤ በግራ ገብስ፣ በቀኝ ሰማይ።

ኪሎ ሜትሩን ስጠይቀው ይቆጣል።
"ኪሎ ሜትር ለድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ቆሞ ይቆጥራል፣
የሚሄድ ሰው ነፋስ ይጠይቃል።
አምባ ጊዮርጊስን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት እለፍ፤
ከረፈደ፣ ነፋሱ ፊት ለፊት ነው የሚገርፍ።
ዳባት ስትደርስ ብላ፤ ባይርብህም ብላ፣
ረሃብ አበዳሪ ነው፤ ዳገት መሃል ይይዝሃል በኋላ።"

"ውሃስ?" አልኩት።
ትንሽ አሰበ።
"ለራዲያተር የቀዳሁበትን ምንጭ ሁሉ አውቃለሁ፣
ለሰው ግን አልመረመርኩም፤ አፍልተህ ጠጣ እላለሁ።"

ሞላልኝ ከጎማው ሥር ቀና አለ፣
(ጎሚስታው ነው፤ ስሙ ለሥራው የታደለ)
"ሁለት ካላማዳሪያ ያዝ፣ ማስቲሽ ያዝ፣ መንፊያ፣
ደግሞም ሳትነሣ ደውል ወደ ወዲያ፤
ካርታ ዳገቱን እንጂ፣
የተዘጋውን አይነግርህም ወዳጄ።"
በከረጢቱ ጠርዝ ላይ "ሰላም ከሆነ" ብዬ ጻፍኩ።
አስቀየመኝ፤ ሰረዝኩት።
ከዚያ መልሼ ጻፍኩት።

ደባርቅን አልፈን ሊማሊሞ አፍ ስንደርስ፣
የጋሽ ቢምረው እጅ ከማርሹ ወረደ፤
"ረዳቴ ነበር" አለ፣ "ሹመት የሚባል፣
ታኮ ታቅፎ ከኋላ የሚንጠለጠል።
ጠመዝማዛው ስንት ነው ብለን ሃያ ዓመት ተከራከርን፤
እሱ ከኋላ፣ እኔ ከመሪ ቆጠርን፣
አንድም ቀን አልገጠመልን።
አንዳንዴ በሦስት ይበልጠኛል፣ አንዳንዴ በሁለት እበልጠዋለሁ፤
'ቀጥ ያለውን ቆጠርክ' ይለኛል፤ 'ተኝተህ ነበር' እለዋለሁ።
ውርርዱ ሙክት ነበር።
ሹመት ባለፈው ሐምሌ አረፈ፤ ሙክቱም ሳይታረድ፣
እኔም ዐይኔን ሞራ ሸፍኖት፣ ሳልወጣ፣ ሳልወርድ።
ሌላ አደራ የለኝም። ስትወርድ ቁጠርልኝ።"

"ጋሽ ቢምረው፣ መንገዱ እኮ ተሠርቷል፣ አስፋልት ነው ይላሉ፣
አንዳንዱ ጠመዝማዛ ቀንቶ ይሆናል፤ የሉም ያሉት ሁሉ።"

ዝም አለ። ሞላልኝም መንፋቱን አቆመ።
"አንተ የቀረውን ቁጠር" አለኝ፣
"የጠፋውን እኔ እደምራለሁ።"

የከረጢቱ የመጨረሻ መስመር እንዲህ ይላል፦
ሊማሊሞ። ማርሽ የለም። ፍሬን፣ በሁለት እጅ። ቁጥሩ፦
ከዚያ ባዶ ነው።
ሁለት እጄ ፍሬን ላይ ከዋለ፣
በየትኛው ጣቴ እንደምቆጥር አልጠየቀኝም፤ እኔም አልኩት "እሺ"።

ሞላልኝ የኋላ ጎማዬን በአውራ ጣቱ ጫን አለና፣
"ይበቃታል" አለ፤ "ነገ ማታ ግን አምጣትና
እንደገና እናያታለን።"

ቅዳሜ ነው የምነሣው።
ሰላም ከሆነ።